አለቃ እንዲህ አሉ አሉ

ክሪስታል ሲቲ ከሬገን አውሮፕላን ማረፊያ የሚርቀው አንድ የሜትሮ ፌርማታ ብቻ ነው። ከፖቶማክ ወንዝ በቨርጂኒያ በኩል፣ ሆቴሉና መሥሪያ ቤቱ ተደጋግፎ የቆመበት ሰፈር ነው። በዚህ አካባቢ በታክሲ፣ በመኪና ማቆሚያና በሆቴል የሚሠራ ኢትዮጵያዊ ብዙ ነው፤ ሥራው ደግሞ መጠበቅ ይበዛዋል። ተሳፋሪ ይጠበቃል፣ ተረኛ ይጠበቃል፣ የፈረቃው ማብቂያ ይጠበቃል። መጠበቅ ባለበት ጨዋታ አይጠፋም። ጨዋታው ወደ ሆድና ከሆድ በታች ወዳለው ሲያዘነብል ተናጋሪው የሚገባበት አንድ የታወቀ በር አለ፦ «አለቃ ገብረ ሐና አንድ ቀን...» ከዚያ በኋላ ያለው ይፈቀድለታል። በሌላ ሰው አፍ ቢሆን የሚያስቆጣው ነገር በአለቃ ስም ሲመጣ ያስቃል፤ ሽማግሌውም ያልሰማ መስሎ ጢሙን እየዳበሰ ይስቃል። አለክሳንድሪያ ክርስትና ቤትም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቡና ላይም በሩ ያው ነው።

ፈረንሳዮች ለዚህ ዓይነቱ ሳቅ ቃል አላቸው፤ «ራብሌዚየን» ይሉታል። የተጋነነ፣ ሆዳም፣ በገላ የማያፍር ቀልድ ማለት ነው። ቃሉ የተገኘው ከሰው ስም ነው፤ በ16ኛው መቶ ዘመን ከኖረው ከፍራንሷ ራብሌ። ስሙ ለአማርኛ ጆሮ ራብን ያስታውሳል፤ መጽሐፉ ግን ከዳር እስከ ዳር ጥጋብ ነው። አንድ ሰው ስሙ እንዲህ የሳቅ ስም ሲሆን ምን ያገኛል፣ ምንስ ያጣል? በስሙ የሚስቁትስ ለእሱ ምን ዕዳ አለባቸው? ለፈረንሳይኛ ይህ የሥነ ጽሑፍ ታሪክ ጥያቄ ሊሆን ይችላል። ለአማርኛ ግን የዕለት ጥያቄ ነው፤ በአለቃ ስም ነገ ጠዋትም የሚቀልድ አለና።

ራብሌ መጀመሪያ የፍራንቼስካውያን መነኩሴ ነበር፤ ቀጥሎ ወደ ቤኔዲክታውያን ተሻገረ፤ በኋላም ከገዳም ወጥቶ በሞንፔሊዬ ሕክምና ተማረ። እ.ኤ.አ. በ1532 በሊዮን ከተማ ሆስፒታል ሐኪም ሆነ። ግሪክኛ ጠንቅቆ ያውቅ ስለነበር የጥንቱን ሐኪም የሂፖክራተስን ጽሑፍ ለኅትመት አዘጋጅቷል። በዚያው ዓመት ስለ ግዙፉ ፓንታግሩኤል የሚያወራውን መጽሐፍ አወጣ፤ ቀጥሎም የፓንታግሩኤልን አባት የጋርጋንቱዋን ታሪክ ጻፈ። ጋርጋንቱዋ ፓሪስ ሲገባ ሕዝቡ እየተከተለ መቆሚያ መቀመጫ ቢያሳጣው ከኖትርዳም ማማ ላይ ሆኖ ሽንቱን ይለቅባቸዋል። 260,418 ሰው ሰጠመ ይላል መጽሐፉ፤ ሴቶችና ሕፃናት ሳይቆጠሩ። የሚያስቀው ሽንቱ ብቻ አይደለም። እንደ ቆጠራ ሹም አንዲት ነፍስ ሳያጎድል መመዝገቡ ነው።

ያው መጽሐፍ ልጅ እንዴት መማር እንዳለበት በቁም ነገር ይመረምራል፤ በትንሽ ነገር ጦርነት የሚያነሡ ነገሥታትን ይዘልፋል። የሶርቦን መምህራን መጽሐፎቹን ያወገዙት በብልግናቸው ብቻ ሳይሆን ቀልዱ የእነሱን ወንበር ስለነቀነቀ ጭምር ነው። ዛሬ ግን «ራብሌያዊ» ሲባል ሰው የሚያስበው ግብዣና ብልግና ብቻ ነው። ሐኪሙ ተረሳ፤ ሽንቱ ቀረ።

አለቃ ገብረ ሐናም ከዚህ የራቁ አይደሉም። በ19ኛው መቶ ዘመን የኖሩ፣ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የፎገራ ሰው ናቸው። ቅኔ አዋቂ ነበሩ፤ ጎንደር በአታ አስተምረዋል፤ የአፄ ቴዎድሮስንም የዳግማዊ አፄ ምኒልክንም ዘመን አይተዋል። ለቤተ ክርስቲያን ትተውት የሄዱት ትልቁ ነገር አቋቋም ነው። የጣናን ሞገድና በዳርቻው የሚወዛወዘውን ሣር ተመልክተው አዲስ የዝማሜ ስልት አወጡ ይባላል። የጎንደር ሊቃውንት ስልቱን አንቀበልም ቢሉ ልጃቸው ተክሌ ደብረ ታቦር ላይ አስተማረው። እስከ ዛሬም «ተክሌ አቋቋም» ተብሎ ይጠራል። ይህን ሁሉ የቤተ ክርስቲያን ሰዎች ያውቁታል። ከዚያ ውጭ ያለው ሰው ግን አለቃን የሚያውቃቸው በሌላ ነው፦ በወይዘሮ ማዘንጊያ ባልነት፣ በምላስ ስለታቸው፣ ለጆሮ በሚከብዱ ቀልዶች።

ከቀልዶቹ የትኞቹ የእሳቸው እንደሆኑ መለየት አይቻልም። እሳቸው እየተናገሩ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ የጻፈ የለም። እንዲያውም አንዳንዱ ቀልድ ፎገራን ያላየ መንገደኛ ነው። አለቃ አህያ የምትነዳ ሴት አግኝተው «እንደምን አደርሽ፣ የአህዮች እናት» ቢሏት «ደኅና ነኝ፣ ልጄ» አለቻቸው የሚባለው፣ በአውሮፓ የቆዩ የቀልድ መጻሕፍት ውስጥም በሌላ ሰው ስም ይገኛል። ቀልዱ ቤት ፍለጋ አገር ላገር ሲዞር ቆይቶ አለቃ ዘንድ አደረ ማለት ነው። የእንግዳ ቤት የሆነ ስም እንዲህ ነው፤ የመጣው ሁሉ ያድርበታል፣ አዳሪው ግን የባለቤቱን ስም ይዞ ይወጣል።

በሁለቱ ሰዎች ሳቅ መካከል ልዩነት አለ፤ ልዩነቱም ለጥያቄው ይረዳል። ራብሌ ያገዝፋል። ሆዱን ተራራ፣ ሽንቱን ጎርፍ ያደርገዋል፤ ገላውን ያለ መጋረጃ ገበታ ላይ ያወጣዋል። የአለቃ ቀልድ ግን ያሳንሳል። ነገሩን ሁሉ በአንዲት ቃል ውስጥ ከትቶ ቃሏን ለሁለት ይሰነጥቃታል። ከመሶቡ አይጥ ዘልላ ስትወጣ እያዩ ባለቤቱን መረቁ በሚባለው ጨዋታ ቀልዱን የተሸከመችው «አይጡ» የምትል አንዲት ቃል ናት። ሰሙ ምርቃት ነው፦ ከቤትዎ እንጀራ አይጡ። ወርቁ አይጧን ራሷን ይጠራል። ባለቤቱ «አሜን» ካለ በገዛ አፉ ነው።

የገላው ቀልድም በዚሁ መንገድ ይሄዳል። ነውሩ በግልጽ አይነገርም፤ ሁለት ቃል ሲጋጠም፣ አንድ ፊደል ሲጠብቅ ወይም ሲላላ ከሰሚው ራስ ውስጥ ይፈልቃል። እዚህ ላይ ራብሌን የማያስጨንቅ ጥያቄ ይመጣል፦ ባለጌው ማነው? የተናገረው ነው ወይስ የገባው? ተናጋሪው «እኔ የመረቅሁ ነኝ» ሊል ይችላል። የሳቀው ግን ማምለጫ የለውም፤ መሳቁ ራሱ ወርቁን እንዳገኘ ይመሰክርበታል። ስለዚህ በሰምና ወርቅ የተነገረ ብልግና የአንድ ሰው ጥፋት ሆኖ አያውቅም። ተናጋሪና ሰሚ እኩል የሚካፈሉት ማኅበር ነው።

ራብሌ ራሱ ይህን የሚመስል ነገር ያውቅ ነበር። በጋርጋንቱዋ መቅድም ላይ ስለ ሲሌኖስ ሣጥኖች ያወራል፤ በውጭ የሚያስቅ ሥዕል የተሣለባቸው፣ በውስጥ ግን ውድ መድኃኒት የያዙ ሣጥኖች። ቅኔ ቤት የዋለ ሰው ይህን ቢሰማ ወዲያው ይገባዋል። ሆኖም ራብሌ ወዲያው ዞሮ በየቃሉ ሥር ምሥጢር በሚቆፍሩ ሰዎች ላይ ይስቃል። ሣጥኑ መድኃኒት ሊኖረው ይችላል፤ ባዶም ሊሆን ይችላል። ሰም ያለበት ሁሉ ወርቅ አለበት ማለት አይደለም።

ከዚህ ወደ በሩ፣ ወደ «አለቃ አንድ ቀን» እንመለስ። አማርኛ ለዚህ በር የሰጠው ቁልፍ ትንሽ ቃል ናት። «አለቃ እንዲህ አሉ አሉ» ይባላል። የመጀመሪያው «አሉ» የአለቃ ነው፤ በአክብሮት የተነገረ። ሁለተኛው የማንም አይደለም። ማን አለ ቢባል መልስ የለውም፤ ሰው አለ፣ አገር አለ፣ ይባላል። ነገሩ እንግዲህ ሁለት ጊዜ ይሸሻል፦ መጀመሪያ መልስ ወደማይሰጥ ሟች፣ ቀጥሎ ስም ወደሌለው ሕዝብ። ተናጋሪው በሁለቱ መካከል በነፃ ያልፋል። ራብሌም በጊዜው ተደብቋል፤ ፓንታግሩኤልን ያወጣው የስሙን ፊደላት በትኖ በሠራው «አልኮፍሪባስ ናዚየ» በሚል ስም ነበር። ልዩነቱ ራብሌ የተደበቀው በገዛ ፊደሉ መሆኑ ነው። ቢገኝ የሚጠየቀው እሱ ነበር። በአለቃ ስም የሚደበቅ ሰው ግን ሌላ ሰው ለብሶ ነው የሚወጣው።

መደበቅ በራሱ ክፉ አይደለም። ጌታን ፊት ለፊት መናገር አንገት በሚያስቆርጥበት አገር ስም መዋስ የድሀ ጋሻ ነው። በአለቃ ስም ከሚነገሩት ውስጥ ምኒልክንና ጣይቱን፣ ሹማምንትንና ስስታም ባለጸጎችን የሚሸነቁጡ ብዙ ናቸው። እነዚህን በየዘመኑ ያወራው ሰው ስለ ጥንቱ ጌታ እየተናገረ ሰሚው የዛሬውን እንዲያስብ ያደርግ ነበር። ጆሮ ጠቢ ባለበት ዘመን «ይህ የድሮ ጨዋታ ነው» ማለት ጥበብ ነበረ። እዚህ ላይ ሁለተኛው «አሉ» ውሸት አይደለም። ብዙ ሰው በልቡ ያለውን አንድ አፍ ስለተናገረው በእርግጥም የሕዝብ ነው።

ግን ያው ጋሻ ወደ ታች ሲዞር በትር ይሆናል። በአለቃ ስም ከሚነገሩት መካከል ከወይዘሮ ማዘንጊያ ተሸሽገው ገረዷን የሚከጅሉባቸው ጨዋታዎች አሉ። ወይዘሮ ማዘንጊያ በእነዚህ ጨዋታዎች ስም አላት፤ ትቆጣለች፣ ትመልሳለች፣ አንዳንዴም ታሸንፋለች። ልጅቱ ግን ስም የላትም፤ አብዛኛውን ጊዜ ቃልም አትተነፍስም። እሷ የሁለት ጌቶች መጫወቻ ናት፤ ሰሚውም የሚስቀው አለቃ ተያዙ ወይስ አመለጡ ብሎ ነው። ልጅቱ እንዴት አደረች ብሎ የሚጠይቅ የለም። ይህን ቀልድ ከሚሰሙት ውስጥ እህቷ ቤይሩት ወይም ሪያድ ሰው ቤት ተቀጥራ የኖረች ልትኖር ትችላለች። ራሷ በዚያ መንገድ አልፋ ቨርጂኒያ የደረሰችም ትኖራለች። ቀልዱ ከተነገረ በኋላ አብራ ብትስቅ ምን አማራጭ አላት? ብትቆጣ «የአለቃ ጨዋታ እኮ ነው» ይባላል። ሟች አይከሰስም፤ ተናጋሪው ደግሞ «እኔ ምን አልኩ» ይላል።

በስደት አገር ይህ ይብሳል። በብሔር፣ በአነጋገር፣ በአገር ቤት መንደር ላይ የሚቀለደው ክፉ ቀልድ አዲስ ቢሆንም አሮጌ ልብስ ይፈልጋል፤ ሰሚዎቹ ነገ አብረው የሚሠሩ፣ አንድ ዕድር ውስጥ ያሉ፣ ልጆቻቸው አንድ ትምህርት ቤት የሚውሉ ናቸውና። በተናጋሪው ስም ቢነገር ጠብ ነው። አለቃ ትከሻ ላይ ሲጫን ግን «ባህል» ይሆናል። ሟቹ ሊቅ ያላሰበውን ጥላቻ ተሸክሞ ከቤት ቤት ይዞራል።

አዝማሪ ቤት የገባ ሰው ሌላ ሥርዓት እንዳለ ያውቃል። እዚያ አንዱ ተነሥቶ «ተቀበል!» ይላል፤ ስንኙን ይሰጣል፤ አዝማሪው በማሲንቆው ይደግመዋል። ስንኙ የሚነካው ሰው ከፊት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን ሰጪው ማን እንደሆነ ቤቱ ሁሉ አይቷል፤ የተነካውም ተነሥቶ «ተቀበል!» ማለት ይችላል። ስድቡ ባለቤት አለው፤ ስለዚህም መልስ አለው። አለቃን የሚያስመሰክር ቀልድ ይህ ይጎድለዋል። ሰጪው የለም፤ ስለዚህ መቀበል እንጂ መመለስ አይቻልም።

በዚህ ነገር ላይ ሁለት መልሶች ይሰማሉ። አንደኛው የአክባሪዎቹ ነው፦ አለቃ ሊቅ ናቸው፤ ስማቸው ከዚህ ቆሻሻ ይጽዳ፤ ቀልዱ ይቅር። ይህ መልስ ሰውየውን ይወዳል፤ ሆኖም ሳቁን ከሊቅነቱ የሚለየው በችኮላ ነው። ቅኔ ያወቀ ሰው ቃል መሰንጠቅ ያውቃል፤ ማኅሌት የቆመ ሰው ገላ እንዴት እንደሚወዛወዝ ያውቃል። ሳቃቸውን ሁሉ ቆርጦ የሚጥል ሰው የሚያስቀረው አለቃን ሳይሆን ሥዕላቸውን ነው። ሁለተኛው መልስ የቀላጆቹ ነው፦ የሞተ አይሰማም፤ ቀልድ ቀልድ ነው፤ ማንም አልተጎዳም። ይህኛው ሳቁን ይወዳል፤ ሕያዋኑን ግን ይረሳል። በአለቃ ስም የሚጎዳው አለቃ ብቻ አይደሉም። ስም የለሿ ልጅ አለች።

ከሁለቱም የሚሻል መለኪያ ጨዋታዎቹ ራሳቸው ውስጥ ይገኛል። ሰው የማይረሳቸው የአለቃ ቀልዶች የትኞቹ እንደሆኑ ይታሰብ። አህያ ነጂዋ ሴት «ልጄ» ብላ አህያ አደረገቻቸው። ወይዘሮ ማዘንጊያም በብዙ ጨዋታ ልክ ታገባቸዋለች። ሕዝቡ ምላሳቸው አይቻልም ብሎ ያስቀመጣቸውን ሰው በተራ ሰው ምላስ እያስረታ ሲደሰት ኖሯል። ይህ ድንገት አይመስልም። ሁልጊዜ የሚረታ ቀላጅ ጌታ ይሆናል፤ በጌታ ደግሞ ይሳቅበታል እንጂ ከጌታ ጋር አይሳቅም።

በስታሊን ዘመን ወደ ካዛክስታን ተግዞ የኖረው ሩሲያዊው ሚኻይል ባኽቲን ስለ ራብሌ በጻፈውና እ.ኤ.አ. በ1965 በታተመው መጽሐፉ ተመሳሳይ ነገር አስተውሏል። እሱ እንደሚለው የራብሌ ሳቅ የአደባባይ በዓል ሳቅ ነው፤ በሁሉ ላይ ይስቃል፣ የሚስቁትም ከሁሉ ውስጥ ናቸው። የሚያላግጥ ሰው ከሚያላግጥበት ነገር ውጭ ቆሞ ጣቱን ይቀስራል። የበዓሉ ሳቂ ግን ራሱም ጭቃው ውስጥ አለ። ሆድ ሁሉም አለው፤ ሁሉም ይበላል፣ ሁሉም ያስወጣል፣ ሁሉም ይሞታል። የገላ ቀልድ ሰውን እኩል የሚያደርገው በዚህ ነው። ንጉሡም ገረዷም አንድ ዓይነት ሆድ አላቸው። ገረዷን ብቻ ገላ አድርጎ ጌታውን ምላስ የሚያደርግ ቀልድ ግን ይህን እኩልነት ሰርቋል። ብልግናው ስለበዛ አይደለም የሚጠላው። ለአንዱ ወገን ብቻ ስለተሰጠ ነው።

እንዲህ ከሆነ ጥያቄው «ይህ ቀልድ ነውር ነው ወይ?» አይደለም። ነውር የሌለበት ሳቅ ጥቂት ነው። ጥያቄው ተናጋሪው በቀልዱ ውስጥ የት ቆሟል የሚለው ነው። በተሰነጠቀችው ቃል እሱም ይመታል? የተነካው ሰው በዚያው ቤት፣ በዚያው ቀልድ ውስጥ መልስ የሚሰጥበት ቦታ አለው? አለቃ ከአህያ ነጂዋ ፊት የቆሙበት ቦታ ይህ ነው፤ ተናግረዋል፣ ተመልሶላቸዋል፣ ጨዋታው አብቅቷል። ማንም ከዚያ መንገድ ላይ ተዋርዶ አልሄደም። ከሄደም አለቃ ናቸው፤ እሳቸውም ሳይስቁ አልቀሩም።

በአንድ ጨዋታ ውስጥ ይህ ቦታ ከሌለ ቀላል ፈተና ይቀራል፦ ሁለተኛውን «አሉ» ማውጣት። «እኔ እላለሁ» ተብሎ፣ በተናጋሪው በራሱ ስም፣ በተነካው ሰው ፊት ሊነገር የሚችል ከሆነ ይነገር። በዚህ ፈተና ብዙ ጥሩ ብልግና ያልፋል፤ ሆድ የሚያስይዝ፣ ዕንባ የሚያስወጣ፣ እናት ፊት የሚያሳፍር ግን ማንንም የማያጠፋ። የሚወድቀው የፈሪው ቀልድ ነው፤ ሟችን ፊት ለፊት አስቀድሞ ከኋላ ሆኖ የሚወረውረው።

የአለቃ ዕጣ አንድ የሚያስቆጭ ነገር አለው። ስማቸው ያለበት ቀልድ ብዙው የእሳቸው አይደለም፤ የእሳቸው የሆነው አቋቋም ደግሞ ስማቸው የለበትም፣ የልጃቸውን ስም ይዞ ይኖራል። ተክሌ የተማረ መዘምር ባለበት ሁሉ፣ ደብረ ታቦርም ይሁን ከውቅያኖስ ማዶ፣ መቋሚያው ከፍ ዝቅ ሲል የሚወዛወዘው ገላ የአለቃ ቀልድ ከሚያወራው ገላ የተለየ አይደለም። ያው ሆድ፣ ያው ወገብ፣ ያው እግር ነው። ሰውየው ገላን አላፈሩበትም፤ በቤተ መቅደስ አስዘመሩት፣ ከቤተ መቅደስ ውጭ አሳቁት። ስማቸውን የሚዋስ ሰው ቢያንስ ይህን ያህል ይወቅ፦ የተዋሰው የሊቅ ስም ነው፤ ያዋሱትም እሳቸው አይደሉም፣ ራሱ ነው የወሰደው።